የሜክሲኮ ውለታ

ከየካ አባዶ ማልዶ የወጣ ሰው መገናኛ ወርዶ ታክሲ ሲቀይር ወያላው «ሜክሲኮ በካዛንቺስ» እያለ ሲጣራ ይሰማል። ሁለቱ ስሞች በቀን ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚጠሩ ማን ቆጥሮ ያውቃል! ጆሮ ስለለመዳቸው ምን ማለት እንደሆኑ የሚጠይቅ የለም። ካዛንቺስ ስሙን የወረሰው ጣልያን አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ ከሚያሠራው ድርጅት ነው፤ «ካዛ» ቤት፣ «ኢንቺስ» የድርጅቱ ምኅጻረ ስም። ሜክሲኮ ደግሞ «ይህን ወረራ ሕጋዊ ብዬ አልቀበልም» ላለች ሩቅ አገር የውለታ መታሰቢያ እንዲሆን የተሰየመ አደባባይ ነው። ወራሪው ለራሱ ሰው ቤት የሠራበት ሰፈርና ወረራውን አልቀበልም ያለችው አገር፣ ሁለቱም በአንድ የታክሲ መስመር ላይ ናቸው። በሜክሲኮ ስም አደባባይ የሰየመች አገር በፍልስጤም ምድር ላይ ስላለው ወረራ ድምፅ ስትጠየቅ ለምን ዝም ትላለች? ዝምታው ብልህነት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ዕዳ ነው እላለሁ፤ የምከራከረውም ዕዳው የተመዘገበበትን መዝገብ ገልጬ ነው።

ከቅርቡ ልጀምር። ጥቅምት 16 ቀን 2016 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በጋዛ ሰብአዊ ተኩስ አቁም እንዲደረግ በ121 ድጋፍ፣ በ14 ተቃውሞና በ44 ድምፀ ተዓቅቦ ሲወስን ኢትዮጵያ ከአርባ አራቱ አንዷ ነበረች። መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉባኤው እስራኤል በተያዘው የፍልስጤም ግዛት ያላትን ሕገወጥ ቆይታ በ12 ወራት ውስጥ እንድታበቃ ሲጠይቅ 124 አገሮች ደገፉ፣ 14 ተቃወሙ፣ 43 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ከአርባ ሦስቱም ውስጥ አለንበት። ድምፀ ተዓቅቦ ለአገራችን ዲፕሎማሲ እንግዳ አይደለም፤ ኅዳር 1940 ዓ.ም. ፍልስጤም ለሁለት ትከፈል የሚለው ውሳኔ ሲቀርብም ከ10ሩ ድምፀ ተዓቃቢዎች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የዚያን ጊዜው ግን ገና ስላልተፈጠረ ነገር የቀረበ የፖለቲካ ምርጫ ነበር፤ አመዝነው ዝም ያሉትን ለመውቀስ ይከብዳል። የ2017ቱ ከዚያ ይለያል። የቀረበው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት የመለሰው የሕግ ጥያቄ ነው፤ መልሱ የቆመበት መሠረት ውስጥ ደግሞ የኢትዮጵያ እጅ አለበት።

ወደ 1928 ዓ.ም. እንመለስ። ሚያዝያ 27 ቀን የኢጣልያው ማርሻል የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ በአራተኛው ቀን ሙሶሊኒ የኢጣልያ ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ሆነ ብሎ አወጀ። ሰኔ 23 ቀን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው አቤት አሉ። ማኅበሩ በሰማው አቤቱታ ልክ በኢጣልያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ ያጠብቃል ሲባል በሐምሌ ጭራሹኑ አነሣው። ከዚያ በኋላ የቀረው «ዕውቅና» የሚሉት ወረቀት ብቻ ነበር፣ እሱንም መንግሥታቱ አንድ በአንድ ይሰጡ ጀመር። በላዛሮ ካርዴናስ ትመራ የነበረችው ሜክሲኮ አልሰጠችም። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረትም አልሰጡም፤ እነሱ ግን ታላላቅ ኃያላን ናቸው፣ የሚያስፈራቸው አልነበረም። ሜክሲኮ ከኢትዮጵያ ጋር ንግድ የላት፣ ድንበር የላት፣ ሃይማኖት አያገናኛት፤ የያዘችው አንድ ደንብ ብቻ ነበር፣ በጉልበት የተያዘ መሬት የያዘው ሰው ሀብት አይሆንም የሚል። (ውለታው ከዚያም ወገን አልተረሳም፤ በሜክሲኮ ሲቲ የምድር ውስጥ ባቡር «ኢትዮጵያ» የሚባል ጣቢያ አለ፣ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው።)

«ወረቀት ምን ያደርጋል? ጣልያንን ያስወጡት አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ናቸው እንጂ የሜክሲኮ ደብዳቤ አይደለም» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፣ ደብዳቤ መድፍ አያስቆምም። ዕውቅና ግን የተቀማውን ሰው ሁለተኛ ጊዜ የሚቀማ መሣሪያ ነው፤ ይህን በራሳችን ላይ አይተነዋል። ከወረራው በፊት በ1935 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ፖስታና ቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት ከእንግሊዙ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ ኩባንያ ጋር የሬዲዮ ቴሌግራፍ ውል ነበረው፤ ከውሉም ኩባንያው ለኢትዮጵያ መንግሥት የሚከፍለው ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ዕዳ ተጠራቀመ። በእንግሊዟ ባዝ ከተማ በስደት የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ገንዘቡን ለማስከፈል ለንደን ላይ ከሰሱ። እንግሊዝ ለኢጣልያ ሙሉ የሕግ ዕውቅና ገና አልሰጠችም ነበርና በ1938 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለጃንሆይ ፈረደ። ኩባንያው ይግባኝ አለ። ይግባኙ ሳይወሰን በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ በሕግ ዐወቀ፤ ሳምንታት ሳይቆዩ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ፍርዱን ሻረው። ውሉ አልተለወጠም፣ ዕዳው አልተለወጠም፣ ከሳሹም ያው ናቸው። የተለወጠው አንድ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወረቀት ነው፤ በእሱ ምክንያት የኢትዮጵያ ገንዘብ ኢትዮጵያን ለወረረው መንግሥት የሚገባ ሀብት ሆነ።

መዘዙ ከነፃነትም በኋላ ተከተለን። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ የእንግሊዝ ባለሥልጣናት አገሪቱን ነፃ እንደወጣች አገር አልቆጠሯትም፤ «የተያዘ የጠላት ግዛት» በሚል የአስተዳደር ስም ያዟት። የየትኛው ጠላት ግዛት? የእንግሊዝ ጠላት የሆነችው የኢጣልያ። ለንደን ቀድማ የሰጠችው ዕውቅና ኢትዮጵያን በወረቀት ላይ የኢጣልያ መሬት አድርጓት ስለነበር የሕግ አማካሪዎቻቸው መከራከሪያ አላጡም። ጥር 1934 ዓ.ም. የተፈረመው ስምምነት ነገሩን በከፊል አስተካከለ፤ ሐውድና «የተከለለ» የተባለው ቦታ ግን እስከ 1947 ዓ.ም. በእንግሊዝ እጅ ቆዩ። እንግዲህ ዕውቅና ሰጪው ጥይት አልተኮሰም፣ ወራሪውን ግን ባለቤት ለማድረግ ሞክሯል። ሜክሲኮ አደባባይ የተሰየመው ይህን ላላደረገች አገር ነው፤ ውለታው ትንሽ የሚመስለው ዋጋውን ያልከፈለ ሰው ሲያየው ነው።

ኢትዮጵያ ይህን ትምህርት ይዛ ዝም አላለችም። ጥቅምት 25 ቀን 1953 ዓ.ም. ከላይቤሪያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ ጉዳዩ ደቡብ አፍሪካ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሞግዚትነት ስለተረከበቻትና አፓርታይድን ስለተከለችባት ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ ስለ ዛሬዋ ናሚቢያ ነበር። ክሱ ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ሐምሌ 11 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ዳኞቹ ሰባት ለሰባት እኩል ተከፈሉ፤ በአውስትራሊያዊው የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት በሰር ፐርሲ ስፔንደር ሚዛን አስደፊ ድምፅ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በጉዳዩ የሚያገባቸው መብት አላሳዩም ተብሎ ክሱ ወደቀ። አፍሪካ ተቆጣች። ከሦስት ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠቅላላ ጉባኤው የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት ሻረ። ሰኔ 14 ቀን 1963 ዓ.ም. ደግሞ ያው ፍርድ ቤት በምክር ሐሳቡ ደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ መቆየቷ ሕገወጥ ነው፣ ሌሎች መንግሥታትም ይህን ሕገወጥነት የማወቅና ዕውቅና የሚመስል ማናቸውንም ነገር ያለማድረግ ግዴታ አለባቸው አለ። አሳቡ ባዶ ፉከራ እንዳይሆንም ዳኞቹ አንድ ነገር ለይተው አስቀመጡ፦ ዕውቅና መንፈጉ ተራውን ሕዝብ እንዳይጎዳ፣ የልደት፣ የሞትና የጋብቻ ምዝገባ የመሰለው ነገር ተቀባይነቱን አያጣም። ወረራው ይነወራል፣ በወረራ ሥር የተወለደው ሕፃን ግን የልደት ወረቀቱን አያጣም ማለት ነው።

የፍልስጤምን ጉዳይ የሚመለከቱት ሁለት የምክር ሐሳቦች የተገነቡት በዚህ ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ በ2004 እ.ኤ.አ. እስራኤል በዌስት ባንክ ውስጥ እየሠራችው የነበረውን ግንብ ሕገወጥ ሲል ናሚቢያን እያጣቀሰ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰጠው ሰፊ ሐሳብ ደግሞ በ11 ለ4 ድምፅ እስራኤል ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በያዘችው ግዛት መቆየቷ ራሱ ሕገወጥ መሆኑን፣ በተቻለ ፍጥነት ማብቃት እንዳለበት ተናገረ፤ በ12 ለ3 ድምፅ ደግሞ መንግሥታት ሁሉ ለዚህ ሁኔታ ዕውቅና ያለመስጠትና እንዲቀጥል ያለማገዝ ግዴታ አለባቸው አለ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት በሄግ ቀርቦ በቃል ከተከራከሩት ውስጥ ነበር። ስለዚህ የመስከረም 2017ቱ ድምፅ «ከእስራኤልና ከፍልስጤም ማንን ትወዳላችሁ?» የሚል ጥያቄ አልነበረም። ኢትዮጵያ በ1953 ዓ.ም. ያነሣችው ክርክር በሌላ ምድር ላይ ሲደገም አሁንም ትቆምለታለች ወይ የሚል ነበር እንጂ።

ወረራ የሚለውን ቃል ሰው ሲሰማ ታንክ ይታየዋል። ሃምሳ ምናምን ዓመት የቆየ ወረራ ግን በአብዛኛው ወረቀት ነው። ከራማላ ኢየሩሳሌም 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከየካ አባዶ አራት ኪሎ ከሚኬደው መንገድ ብዙም አይለይም። እኛ የምናማርረው የታክሲ ሰልፍና የመንገድ መዘጋጋት ነው፤ በዚያኛው መንገድ ላይ የቃላንዲያ ኬላ አለ። የዌስት ባንክ ፍልስጤማዊ መታወቂያው በአረንጓዴ ሽፋን ነው፣ የምሥራቅ ኢየሩሳሌሙ ነዋሪ በሰማያዊ፤ አረንጓዴው የያዘ ሰው ያለ ጦሩ ፈቃድ ኢየሩሳሌም አይገባም፣ የካንሰር ሕክምና ቀጠሮው እዚያው ደብረ ዘይት ተራራ ላይ ባለው አውጉስታ ቪክቶሪያ ሆስፒታል ቢሆንም እንኳ። ታርጋም እንደዚያው ነው። እኛ በታርጋ የምንለየው ታክሲውን ከቤት መኪናው፣ ኮድ 1ን ከኮድ 2 ነው፤ እዚያ ቢጫው ታርጋ የእስራኤል፣ ነጩ ደግሞ የፍልስጤም አስተዳደር ሲሆን፣ የትኛው መኪና በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ ቀለሙ ይወስናል። አንድ ሰፋሪና አንድ ፍልስጤማዊ በዚያው ኮረብታ ሥር በአንድ ዓይነት ጥፋት ቢጠረጠሩ ሰፋሪው በእስራኤል የሲቪል ሕግ፣ ፍልስጤማዊው በጦር ፍርድ ቤት ይዳኛሉ። ክስ ሳይመሠረትበት እስከ ስድስት ወር፣ ከዚያም እየታደሰ የሚታሰር ሰው አለ። የሕዝብ መዝገቡን የምትቆጣጠረው እስራኤል ስለሆነች የፍልስጤም አስተዳደር መታወቂያ ቢያትምም ቁጥሩ የሚጸድቀው በእስራኤል እጅ ነው።

ቤትን እንውሰድ፤ የካ አባዶ ላይ ሆኖ ስለ ቤት ማሰብ ይቀላል። ትናንት እርሻ በነበረ መሬት ላይ የተደረደሩት ፎቆች፣ የዕጣ ዝርዝር፣ ለዓመታት የተቆጠበ ገንዘብ፣ ካርታ፣ ከመሬቱ የተነሣው ገበሬ ካሣ፤ ከእነዚህ ውስጥ በቂ ነው የሚባል የለም፣ ቅሬታውም ገና አልተዘጋም። ከሩቅ ሲታይ በዌስት ባንክ ኮረብታዎች ላይ ያለው የሠፈራ መንደርም ፎቅ ነው፣ ልብስ የተሰጣበት በረንዳ ነው፣ ሕፃናት የሚጫወቱበት ግቢ ነው። ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ጨምሮ ከ700 ሺህ በላይ ሰፋሪዎች ይኖራሉ። ልዩነቱ የሚጀምረው ማን ማመልከት ይችላል ሲባል ነው። የ1995 እ.ኤ.አ. የኦስሎ ስምምነት ዌስት ባንክን በሦስት ሲከፍለው 60 በመቶ ያህሉ «ሲ» የሚባለው ክልል ሆነ፤ በዚያ ክልል የግንባታ ፈቃድ ሰጪው የእስራኤል ጦር አካል የሆነው የሲቪል አስተዳደር ነው። ፍልስጤማዊው ፈቃድ ይጠይቃል፣ አይሰጠውም ማለት ይቻላል፤ ልጁ ሲያገባ አንድ ክፍል ይጨምራል፤ ከዚያ ቡልዶዘር ይመጣል፣ ምክንያቱም ቤቱ «ሕገወጥ ግንባታ» ነው። ይህ ቃል ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ካዛንቺስ ራሱ በቅርቡ ሲፈርስ አይተናል፤ እዚህም ቤት ፈርሶበት ያለቀሰ ሰው አለ፣ አቤቱታውም ሊሰማ ይገባዋል። ሆኖም ባፈረሰበት መንግሥት ውስጥ ቢያንስ በሕግ ዜጋ ነው፣ ድምፅ አለው፣ ነገ ሹሙ ሲወርድ ያይ ይሆናል። የ«ሲ» ክልሉ ሰው ፈቃድ የሚከለክለውን መኮንን የሚሾመውን መንግሥት አልመረጠውም፣ አይመርጠውምም፤ በአንጻሩ ከኮረብታው በላይ ያለው ጎረቤቱ ይመርጠዋል። በ1949 እ.ኤ.አ. የወጣው አራተኛው የጄኔቭ ስምምነት በአንቀጽ 49 ወራሪ የራሱን ሕዝብ በያዘው መሬት ላይ እንዳያሰፍር የከለከለው ይህ እንዳይመጣ ነው። ካዛንቺስ፣ ፖፖላሬ፣ «የአገሬው ገበያ» ተብሎ ከአራዳ ወደ ምዕራብ የተገፋው መርካቶ፣ በጨርጨርና በወገራ የታሰቡት የኢጣልያ ገበሬ ሰፈሮች፤ የእኛው ወራሪ የጀመረውና አምስት ዓመት ያልበቃው ሥራ ይኸው ነበር። ሃምሳ ዓመት ቢያገኝ አዲስ አበባ ምን ትመስል ነበር?

የወይራውን ጉዳይ ሳልጠቅስ አላልፍም። ግንቡ ከታቀደለት 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ውስጥ 85 በመቶ ያህሉ የሚያልፈው በድንበሩ ላይ ሳይሆን በዌስት ባንክ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቤቱ በዚህ፣ ወይራው በዚያ የቀረበት ገበሬ አለ። ወደ ዛፉ የሚያሻግረው በር «የእርሻ በር» ይባላል፤ አንዳንዱ በቀን ሁለት ሦስቴ ለጥቂት ደቂቃ፣ አንዳንዱ በዓመት ውስጥ በመከር ወራት ብቻ ይከፈታል። ገበሬው በሥሙ የተጻፈ ፈቃድ መያዝ አለበት፤ ልጁን ይዞ ለመግባት ለልጁም ሌላ ፈቃድ። ወይራ ቶሎ አይሞትምና ዛፉ ይጠብቃል፤ አረሙና እሳቱ ግን አይጠብቁም። መሬቱ ለዓመታት ሳይታረስ ሲቀር «ጠፍ ነው» ተብሎ የመንግሥት መሬት የሚሆንበት የድሮ የኦቶማን ሕግ ደግሞ አለ። እንዲህ ነው ወረቀት መሬት የሚበላው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ ለሐበሻ ደግሞ ልብ የሚነካ ነው። «እስራኤል የመጽሐፍ ቅዱስ አገር ናት፣ ክብረ ነገሥታችን ከዚያ ይመዛል፣ ዴር ሡልጣን ገዳም አለን፣ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን እዚያ ናቸው።» አንዱም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የጥንቷ እስራኤል ቅድስና የዛሬውን የሲቪል አስተዳደር ማኅተም አይቀድሰውም፤ በቤተ ልሔም ልደትን የሚያከብሩት፣ በጎልጎታ ከመነኮሳቶቻችን ጋር በፋሲካ ሌሊት የሚጋፉት ብዙ ፍልስጤማውያን ክርስቲያኖች ናቸው። ዴር ሡልጣን ያለው በ1967 እ.ኤ.አ. በተያዘው የኢየሩሳሌም ክፍል ነው፤ ታሪኩም ቁልፍ በገዢ ፈቃድ ሲለዋወጥ የኖረ ታሪክ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. ዮርዳኖስ ለኢትዮጵያውያን ፈርዳ በግብፅ ግፊት ወዲያው መለሰችው፤ በ1970 በትንሣኤ ሌሊት የእስራኤል ፖሊስ ባለበት ቁልፉ ተቀየረና ለእኛ ሆነ። በገዢ ቸርነት የተገኘ ቁልፍ በገዢ ቁጣ ይሄዳል፤ ገዳማችን ከማንም በላይ ቋሚ ሕግ ያስፈልገዋል። ቤተ እስራኤልን በተመለከተ፣ ከዘመቻ ሙሴና ከዘመቻ ሰሎሞን ጀምሮ ያለው የሥጋ ትስስር እስራኤል በ1967 ከያዘችው መሬት ጋር አልተሳሰረም። የምክር ሐሳቡ እስራኤልን እንደ አገር አልነካም፤ የለየው ድንበሯን ካለፈችበት ቦታ ነው። ወዳጅነት ድንበር መለየትን ካልቻለ ምን ወዳጅነት ነው?

ሁለተኛው ተቃውሞ መስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን ሐማስና ተባባሪዎቹ ወደ እስራኤል ዘልቀው አብዛኞቹ ሲቪል የሆኑ 1,200 ያህል ሰዎችን ገደሉ፣ 250 ገደማ አግተው ወሰዱ። ይህን «ግን» ብሎ ማለስለስ አይገባም፤ ቤት ውስጥ ያለ ቤተሰብን መግደል ወንጀል ነው፣ የትኛውም ወረራ አይፈቅደውም። ከዚያ በኋላ በጋዛ የተገደሉት በጋዛ ጤና ሚኒስቴር ቁጥር ከ60 ሺህ አልፈዋል፤ ይህንንም የትኛውም ጥቃት አይፈቅደውም። ክርክሩ ላይ የሚፈጥረው ለውጥ ግን ምንድን ነው? ወንጀል የሠራው ሰው ይጠየቃል፤ ወንጀል ስለተሠራ ወረራ ሕጋዊ አይሆንም። የዌስት ባንክ ሰፈሮች የተጀመሩት ሐማስ ከመመሥረቱ ሃያ ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው። የኢጣልያው እንደራሴ ግራዚያኒም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ሲወረወርበት ያን ምክንያት አድርጎ ሦስት ቀን ከተማይቱን አስፈጀ፤ ኢትዮጵያ የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ አለች። ሁለቱን ቀኖች አንድ ናቸው አልልም፣ ቦምቡን የወረወሩት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ያነጣጠሩት በገዢው ላይ ነበር። የምለው የበቀል ልክ ከሕግ ውጭ ሲወጣ የሚከፍለው ማን እንደሆነ አዲስ አበባ ከመጻሕፍት መማር እንደማያስፈልጋት ነው።

የጥቅሙን ክርክር በቀላሉ አላየውም። «ዓረቦች መቼ ከእኛ ጎን ቆሙ? በዓባይ ጉዳይ የዓረብ ሊግ ከግብፅ ጋር ነው፤ እስራኤል ግን ቴክኖሎጂም መሣሪያም ሰጥታናለች» ይባላል። ይህ ጸሐፊ የዓረብ ሊግን የግድብ መግለጫዎች አያደንቅም። ነገር ግን በ1966 ዓ.ም. ከእስራኤል ጋር የነበረንን ግንኙነት ስናቋርጥም፣ በ1982 ዓ.ም. ስንመልሰውም ስሌቱ የጥቅም ነበር፤ የትኛውም ስሌት ዓረቦችን ወዳጅ፣ እስራኤልን ዘመድ አላደረገም። የአንድ ድምፅ የገበያ ዋጋ ከሚመስለው ያነሰ ነው። ድምፁ የሚጠብቀው ደንብ ግን ለእኛ ውድ ነው፦ ድንበር በጉልበት አይለወጥም፣ በጉልበት የተለወጠም አይጸናም። ከቅኝ ገዢ የተወረሰ ድንበር፣ ጎረቤት የሚጠይቀው መሬት፣ ዕውቅና ራሱ በባሕር በር ሲመነዘር በ2016 ዓ.ም. ያየንበት ቀጠና ውስጥ እንኖራለን። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ቀዳዳው በኢየሩሳሌም በኩል ይሁን ብሎ ዝም ያለ አገር በሌላ ቀን በራሱ በኩል ሲቀደድ ማንን ይጠራል?

በጣም የሚከብደኝ የመጨረሻው ተቃውሞ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች። በራሳችን ጦርነቶች ስንት ሰው እንደሞተና እንደተፈናቀለ ያላወራረደች አገር ለሌላው ሕግ ማስተማር ያምርባታል? ይህን ጥያቄ ያባባሰው ደግሞ ታሪክ ነው። ኅዳር 1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ የተቋቋመውን የኤርትራ ፌዴሬሽን አፈረሰ፤ ከአንድ ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ በታኅሣሥ ሄግ ያለው ፍርድ ቤት የኢትዮጵያን ክስ በደቡብ አፍሪካ ላይ ለመስማት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። በአንድ እጃችን ለናሚቢያ ዓለም አቀፍ ዋስትና ይከበር እያልን በሌላው እጃችን አስመራ ላይ እንሽረው ነበር። ይህ ሊሸሸግ አይገባም፤ ዋጋውንም ሠላሳ ዓመት ጦርነት አድርገን ከፍለናል። ግን እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፦ ከሳሿ ንጹሕ ስላልነበረች ክሱ ስሕተት ነበር? ናሚቢያ መጋቢት 1982 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የከሳሾቹን የቤት ገመና አልቆጠረችም። ሕግ የሚያቀርበውን ሰው ጽድቅ ከጠበቀ ማንም ማንንም አይከስም፣ ተጠቃሚውም ሁልጊዜ ወራሪ ይሆናል። ይልቅ የ1955ቱ ጥፋት የሚያሳየው ያን ደንብ ለራሳችንም አጥብቀን ብንይዘው ኖሮ ምን ያህል ሕይወት ይተርፍ እንደነበር ነው።

ጠቅላላ ጉባኤው ለእስራኤል የሰጠው አስራ ሁለት ወር መስከረም 2018 ዓ.ም. ላይ አለቀ። የወጣ የለም። ይልቅ ቀነ ገደቡ ሊያበቃ አንድ ወር ያህል ሲቀረው የእስራኤል ዕቅድ አጽዳቂዎች ከኢየሩሳሌም በስተምሥራቅ «ኢ1» በሚባለው ቦታ 3,400 ያህል ቤቶች እንዲሠሩ ፈቀዱ፤ ሲገነባ ዌስት ባንክን ከመሐሉ የሚቆርጥ ነው። በዚያው መስከረም፣ በ1938 እ.ኤ.አ. ለሙሶሊኒ ድል ዕውቅና የሰጠችው እንግሊዝ ለፍልስጤም መንግሥትነት ዕውቅና ሰጠች። ኢትዮጵያ ለፍልስጤም ዕውቅና ከሰጠች ቆይታለች፣ ኤምባሲውም እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ከእኛ የሚጠበቀው አዲስ ወዳጅ መምረጥ አይደለም። ከሠፈራ መንደር የመጣ ዕቃ «የእስራኤል ምርት» ተብሎ ጉምሩክ ላይ ሲቀርብ መለየት፣ ኤምባሲን ወደ ኢየሩሳሌም ስለማዛወር ጥያቄ ሲመጣ እምቢ ማለት፣ በጠቅላላ ጉባኤው አዳራሽ ደግሞ ከልዑካችን ፊት ካሉት ሦስት ቁልፎች፣ ከአረንጓዴው፣ ከቀዩና ከቢጫው፣ አረንጓዴውን መጫን ነው። የድምፀ ተዓቅቦውን ቢጫ ከመረጡም ደንቡ ከድምፁ በኋላ ምክንያትን በንግግር ማስረዳት ይፈቅዳል። በሚቀጥለው ጊዜ ቢያንስ ያን ንግግር እንስማው፤ ሜክሲኮን እየጠቀሰ ይጀምርና ለምን እንደ ሜክሲኮ እንዳልሆንን ይንገረን።